ባሕር የሌለው ወደብ፤ ከመንገደኞች ጋር አንድ ቀን በልደታ
በመርከብ ለሽርሽር የሚጓዙ ሰዎች አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው። መርከቡ ማለዳ ወደቡ ላይ መልሕቁን ሲጥል መንገደኞቹ ቁርሳቸውን ቀምሰው ይወርዳሉ፤ በወደቡ በር ላይ ቋንቋ የሚያውቅ አስጎብኚ ስማቸውን በወረቀት ይዞ ይጠብቃቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያዞራቸው ይውልና መርከቡ የመነሻ ጡሩንባውን ከመንፋቱ በፊት መልሶ ያስረክባቸዋል። በእስክንድርያ የወረደው ወደ ፒራሚዶቹ ይገሠግሣል፤ በናፖሊ የወረደው በእሳተ ገሞራ ዐመድ ተቀብራ የኖረችውን ፖምፔይን አይቶ ይመለሳል፤ በሞምባሳ የወረደው ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠሩትን የፎርት ጂሰስን ምሽግ ይዞራል። መቼም አንድ ከተማ በአንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለመንገደኛው ግን ከተማዪቱ ማለት ያቺው አንድ ቀን ናት፤ አስጎብኚው ያላሳየውን አላየም፤ ያልነገረውንም ምናልባት ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ይቀራል።

ስለዚህም የአስጎብኚ ነገር ከጥንት ጀምሮ ሲያነጋግር ኖሯል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1867 ኩዌከር ሲቲ በምትባል መርከብ ከኒውዮርክ ተነሥተው ሜዲቴራኒያንን ከዞሩት አሜሪካውያን መካከል ማርክ ትዌይን የተባለው ቀልደኛ ደራሲ ይገኝበት ነበር። እርሱና ጓደኞቹ በፓሪስ የቀጠሩት አስጎብኚ ስሙ አልጥም ቢላቸው ፈርጉሰን ብለው ሰየሙት፤ ከዚያም ወዲያ በየደረሱበት አገር የሚመራቸውን ሰው ሁሉ ፈርጉሰን እያሉ ጠሩት። ነገሩ ያስቃል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አገሩን ሲያሳይ የዋለ ሰው የገዛ ስሙን እንኳ በእንግዶቹ አፍ ላይ ሳያስቀር ወደ ቤቱ ሲመለስ ይታየን።

የእኛም አባቶች በዚህ መንገድ አልፈዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. እነ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ በሄዱ ጊዜ ከወደብ ወደ ወደብ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተመሩ ጐብኝተዋል። ጉብኝት ከንቱ ሽርሽር ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ በኢየሩሳሌም ታይተው ወደ አዲስ አበባ የመጡት 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በከተማችን የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ አብዛኛው ዕቃችንም የሚገባው በጅቡቲ ነው። ሰው ግን በሌላ በር ይገባል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጡ መንገደኞች አይሮፕላን የሚለውጡበት ትልቅ መገናኛ ሆኗል። ከእነዚህ ውስጥ ማለዳ ደርሶ እኩለ ሌሊት ገደማ የሚነሣ፣ በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን በእጁ የሚቀርለት ብዙ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከመርከብ እንደ ወረደው ጐብኚ ማለት አይደለምን? መልሕቅና ጡሩንባ ቢጐድልም ወደብ ወደብ ነው።

እኛም ይህን በልባችን ይዘን በአንድ የጥቅምት እሑድ ከእንደነዚህ ያሉ መንገደኞች ጋር ለመዋል ተነሣን። አስጎብኚዋ ታሪክ የተማረች፣ ድምጿ ጐላ ያለ ወይዘሪት ናት፤ በትሕትና ብንጠይቃት በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ቦታ ሰጠችን። እንግዶቹ 9 ነበሩ፤ አንዲት የብራዚል መምህርት፣ የባቡር መሐንዲስ የነበሩ አንድ ሆላንዳዊ ሽማግሌ፣ ሁለት የህንድ ነጋዴዎች፣ አንዲት የኬንያ አስታማሚ፣ አራትም የናይጄሪያ ተማሪዎች። ተማሪዎቹ ሌሊቱን ስላልተኙ እስከ እንጦጦ አንቀላፉ።

የጧቱን ጉብኝት ባጭሩ እናልፈዋለን፤ አንባቢ የሚያውቀው ነውና። እንጦጦ ላይ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥትና የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አየን፤ በብሔራዊ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሉሲን፣ የእኛን ድንቅነሽ፣ ተሳለምን። ሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መርካቶ ነበር። እሑድ በመሆኑ ግን አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለ ሆነ አስጎብኚዋ ሦስት ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ ተረፋት። «ወዴት ልውሰዳቸው?» ብላ ፊቷን ወደ እኛ መለስ ብታደርግ፣ «ልደታ» አልናት። ሣቀች። «ልደታ ምን አለና?» አለችን።

ጥያቄዋ አልደነቀንም። አንድ ወጣት ሹም ስለ ልደታ ቢጠየቅ ፍርድ ቤቱን ያነሣ ይሆናል፤ ተማሪ ቢጠየቅ የባቡር ፌርማታውን። ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንወርድ ቅዳሴው አልቆ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በየአቅጣጫው ይበተን ነበር። ወይዘሪቷ እዚህ ላይ ሥራዋን ዐወቀች። የእመቤታችን ልደት ግንቦት 1 ቀን መሆኑን፣ በዚያ ቀን የየሰፈሩ ሰው ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ በአንድነት እየበላ እንደሚያከብረው፣ ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት የሆነ ሁሉ ከንፍሮው እንደሚዘግን ነገረቻቸው። ኬንያዊቷ አስታማሚ «ታዲያ በዚያ ቀን መምጣት ነበረብን» አለች። ቀጥሎ ያለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ እሑድ በመሆኑ ጭር ብሏል፤ በሥራ ቀን መዝገብ ታቅፎ በየጥጉ የሚቆመው ባለ ጉዳይ የለም፤ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡትና ማመልከቻ የሚጽፉትም ቤታቸውን ዘግተዋል።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወረድ ብለን ቆምን። ሰፈሩን ዛሬም ሰው ሁሉ «ኦልድ ኤርፖርት» ይለዋል። ስሙ በየቀኑ በታክሲ ውስጥ ይጠራል፤ ለምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ የምናውቀውን ለወይዘሪቷ ነገርናት፤ እርሷም ለእንግዶቹ ተረጐመችው። አንባቢም ከዚህ እንዲሰማው እንወዳለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችና መካኒኮች አሜሪካውያን ነበሩ። አይሮፕላኖቹም 5 ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከአሜሪካ ሠራዊት የተረፉ፣ ሲ-47 የሚባሉ፣ ባለ ሁለት ሞተር የጭነት አይሮፕላኖች ናቸው። በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውጭ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። የዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ ይህ የልደታ ሜዳ ነበር። መንገደኛው በዛሬው ዐይነት ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ በአይሮፕላኑ ግራና ቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥ ነበር፤ በመካከሉ ጭነቱ ይታሰራል። ቡና፣ ቆዳ፣ ፖስታና ሰው አብረው ይጓዙ ነበር ማለት ነው። አይሮፕላኑ የሚበርረው በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ሲተረጐም ከመንገዱ ማዶ ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉን። ወይዘሪቷ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ አባባ፣ እርስዎ ይህን ሜዳ ያስታውሱታል?» ብትላቸው፣ «እንዴት አላስታውሰውም ልጄ! እዚሁ አይደለም እንዴ ያደግሁት» አሉ። የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ዙሪያ ተንጠላጥለው ሲያዩ ይውሉ እንደ ነበር፣ አይሮፕላኑ ገና ከደመና ሳይወጣ በድምፁ ብቻ ስንተኛው እንደ ሆነ ይወራረዱ እንደ ነበር አወጉን። «እናቴ ጆሮህ ይደነቍራል እያለች ትቈጣኝ ነበር፤ ይኸው እንዳለችውም አሁን አይሰማኝም» ብለው ሣቁ። ሆላንዳዊው መሐንዲስ የተባለውን እስኪተረጐምላቸው አልጠበቁም፤ እጃቸውን ዘርግተው ሽማግሌውን ጨበጡ።

መሐንዲስ ናቸውና ወዲያው የጠየቁት ጥያቄ፣ «ታዲያ ለምን ተዛወረ?» የሚል ነበር። መልሱ ለተማሪዎቻችን የሚጠቅም ስለ ሆነ እንጽፈዋለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍ ያንሳል፣ ሞተሩም ጕልበቱ ይደክማል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ለፍጥነቱም የበለጠ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ለሲ-47 የበቃው የልደታ ሜዳ ለጄት አጠረ። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ሲቀበል ቦሌ ተሠርቶ ይጠብቃቸው ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለማቋቋም የመጡት መሪዎችም በአዲሱ በር ገቡ። ልደታ ለጦር ሠራዊት ተተወ፤ ስሙም «አሮጌው» ተባለ። ይገርማል፤ አየር መንገዱ 20 ዓመት እንኳ ያልተጠቀመበት ነገር በአንድ ጊዜ አሮጌ ይባላል።

ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተሠራው ቀላል አልነበረም። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ሲ-47ን በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አይሮፕላን ካፒቴን የሆኑት እንደ አውሮፓውያን በ1957 ነው፤ ይህም ማለት ገና አየር መንገዱ ከልደታ በሚነሣበት ዘመን ነው። ዛሬ በቦሌ የሚታየው ሁሉ፣ ያን ሁሉ መንገደኛ ከዓለም ዙሪያ የሚሰበስበው ሥራ፣ ከዚህ ሜዳ የወጣ ነው። ናይጄሪያውያኑ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ከመኪናው ወርደው ሥዕል ለማንሣት ፈለጉ። ምኑን ያንሡ? ይህ ነው የሚባል ምልክት፣ «እዚህ ነበር» የሚል አንድ ጽሑፍ በቆምንበት ሥፍራ አላገኘንላቸውም። በመጨረሻ ሽማግሌውን መካከላቸው አቁመው ተነሡ። ለእኛ ከሐውልት የተሻለ መሰለን፤ ሐውልት ግን እንደ ሰው አያረጅም።

ወደ ሜክሲኮ አቅጣጫ ስንመለስ በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራው ሐኪም ቤት ዘንድ ቆምን። የሩሲያ ሐኪሞች በዓድዋው ጦርነት ዓመት በ1888 ዓ.ም. በቀይ መስቀል ስም መጥተው በከተማችን በሽተኛ ያክሙ እንደ ነበረ፣ ከጣልያን ወረራም በኋላ ይህን ሐኪም ቤት የሶቪየት ቀይ መስቀል እንዳቋቋመው ወይዘሪቷ በሚገባ ተናገረች። ወደ ባልቻ አባ ነፍሶ ታሪክ ስትገባ ግን ፊቷ በራ፤ እጆቿም ይናገሩ ጀመር። በልጅነቱ በዘመቻ ተማርኮ በምኒልክ ግቢ ያደገው የሶዶው ልጅ በዓድዋ በመድፍ ተኳሽነቱ እንዴት እንደ ገነነ፣ በኋላም የሲዳሞ ገዥ ሆኖ በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪን ለመገዳደር ጦሩን ይዞ መጥቶ በንፋስ ስልክ እንደ ሰፈረ፣ እርሱ በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ተጋብዞ ሲበላና ሲጠጣ ወታደሮቹ በገንዘብና በማባበል ተበትነው ሲመለስ ሰፈሩን ባዶ እንዳገኘው ስትነግራቸው የህንድ ነጋዴዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። ነገሩ እውነት ነው። ደጃዝማቹ ተይዘው ታሰሩ፤ በ1929 ዓ.ም. በሽምግልናቸው ከጠላት ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

አንድ ነገር ብቻ ጆሯችንን ቈረቈረው። ወይዘሪቷ ጧት በእንጦጦ መንገድ ላይ ስለዚሁ ጦር ስታነሣ 10 ሺሕ ያለችው አሁን 30 ሺሕ ሆነ። ለብቻዋ ስናገኛት ጠየቅናት። አልተቈጣችም። «እንግዳ ሲደክመው ቍጥሩን ከፍ ካላደረግሁለት አይነቃም» አለችን። የባልቻ ወታደር በአስጎብኚዎች አፍ ዛሬም እየተመለመለ ነው ማለት ነው! ቀልዱን ትተን ስናስበው ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ታሪኩ በራሱ የሚያስደንቅ ሲሆን ጭማሪ ምን ያደርግለታል? መንገደኛው ነገ በሌላ አገር ሆኖ መጽሐፍ ገልጦ ቍጥሩ የተለየ ቢሆንበት ስለ ባልቻ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰማው ሁሉ መጠራጠሩ አይቀርም። ይህን ነገርናት፤ እርሷም ዝም ብላ በማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

ቡና የጠጣነው በልደታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አጠገብ፣ ከመንገድ ዳር ቄጠማ ጐዝጕዛ ጀበና ከጣደች አንዲት እናት ዘንድ ነው። «ኑ ግቡ፣ ተቀመጡ እናቴ» ብላ ለብራዚላዊቷ በርጩማ ሰጠቻት። በሙዚየሙ ውስጥ ሰዓታቸውን ሲያዩ የነበሩት ሰዎች እዚህ ጊዜውን ረሱት፤ ጭሱን፣ ቍላቱን፣ ሲኒውን በየተራ ያደንቃሉ። ሆላንዳዊው ግን ዐይናቸው ዙሪያውን ይቃኝ ነበር። ሕንጻዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፤ በዕድሜ የሚቀራረቡ፣ ቀጥ ያሉ፣ መስተዋት የለበሱ። «ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?» አሉ። «ቤቶች» አለች ወይዘሪቷ። «ሰዎቹስ?»

ወይዘሪቷ ወደ እኛ ተመለከተች። በጉብኝቱ ወረቀት ላይ ለዚህ የተጻፈ መልስ የለም። የልደታ አሮጌ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በከተማ ማደስ ሥራ መፍረሱን፣ መሬቱ ለጋራ መኖሪያ ቤትና ለትልልቅ የንግድ ሕንጻዎች መዋሉን አንባቢ ያውቃል። ለአስጎብኚዋ መልስ የሰጠችላት ባለ ጀበናዋ ናት። እዚያው ሰፈር ተወልዳ፣ ሲፈርስ አይታ፣ ኋላም በዕጣ አንዲት ክፍል ካገኙት አንዷ ናት። «ከፊላችን እዚሁ ቀረን፤ ከፊሉ ወደ ከተማ ዳር ሄደ። ዕቁቡ ፈረሰ። ዕድሩ ግን አልፈረሰም፤ የሄዱትም በወሩ በሁለት ታክሲ፣ በሦስት ታክሲ ተሳፍረው ይመጣሉ። ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» አለች፤ እየተናገረችም ሁለተኛውን ቀዳች።

ወይዘሪቷ ይህን ለመተርጐም አመነታች። በኋላ እንደ ነገረችን ያመነታችው ለእንግዳ የአገርን ጕድ መዘርዘር መስሎባት ነው። ሐሳቧ ይገባናል። ብዙ ወጣቶች እንደዚህ ያስባሉ፤ ለእንግዳ የሚታየው ሳሎን ብቻ ነው ብለው አድገዋልና። እኛ ግን አልተስማማንም። እነዚያ የጭቃ ቤቶች መጸዳጃ ያልነበራቸው፣ ክረምት ሲገባ የሚያፈስሱ፣ አሥር ሰው በአንዲት ክፍል የሚያድርባቸው እንደ ነበሩ የሚክድ የለም፤ ሁሉም እንዳሉ ይቅሩ ነበር የሚል አስተዋይም አናገኝም። ነገር ግን ቤት ሲፈርስ ከቤቱ ጋር ያልፈረሰ ነገር ቢኖር፣ ይህም ዕድሩ ቢሆን፣ ከመስተዋቱ ሕንጻ ይልቅ ለእንግዳ ሊነገር የሚገባው እርሱ ነው። የሄዱት ሰዎች የሚከፍሉት የታክሲ ዋጋ፣ ከሥራና ከትምህርት ቤት መራቃቸው፣ ይህም አብሮ ይነገር። መጠየቅ የሚያውቅ እንግዳ መልስ ካጣ የራሱን መልስ ይዞ ይሄዳል። ወይዘሪቷ በመጨረሻ ተረጐመችው፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ሆላንዳዊው በአገራቸውም የወደብ ከተማ ሰፈሮች ሲፈርሱ እንደዚሁ ሰው መበተኑን፣ ለቀብር ግን ማንም እንዳልተመለሰ ተናገሩ። ለባለ ጀበናዋ ከሒሳቡ በላይ ሊሰጧት ቢሞክሩ አልቀበልም አለች።

ከዚያ ሚኒባሱን ወደ ሜክሲኮ አስቀድመን ልከን በልደታ ፌርማታ ባቡር ተሳፈርን። የቀላል ባቡሩ ሁለት መሥመሮች፣ ከጦር ኃይሎች የሚመጣውና ከምኒልክ ዐደባባይ የሚወርደው፣ ልደታ ላይ ተገናኝተው በተግባረ እድና በሜክሲኮ በኩል እስከ ስታዲዮም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ ስለ ነበር እንግዶቹ ቆመው ተጓዙ፤ መሐንዲሱ ብቻ አንድ ተማሪ ተነሥቶላቸው ተቀመጡ። ከታች ተግባረ እድን ስናልፍ ስንት የእጅ ባለሙያ እንደ ወጣበት ለመንገር ጊዜ አልነበረም፤ ሁለት ፌርማታ ነውና ወዲያው ደረስን።

ሜክሲኮ ዐደባባይ ላይ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ወይዘሪቷ ስያሜውን ስታስረዳ፣ ፋሽስት ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አብዛኞቹ መንግሥታት ወረራውን በዝምታ ወይም በይፋ ሲቀበሉ ሜክሲኮ ግን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተቃወሙትና ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂቶች አንዷ እንደ ነበረች፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን እንደ ጐበኙ ተናገረች። ያን ጊዜ ብራዚላዊቷ መምህርት ጮኸች። በሜክሲኮ ከተማ አንድ ዓመት ተቀምጣ ነበርና በምድር ውስጥ ባቡር በየቀኑ የምታልፍበት ኢትዮጵያ የሚባል ፌርማታ እንዳለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ መሆኑን አስታወሰች። በየቀኑ አልፋበታለች፤ ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ ግን የጠየቀችው ሰው አልነበረም። እነሆ መልሱን ያገኘችው ከዓለም ወዲህ ማዶ፣ ሜክሲኮ በሚባል ዐደባባይ ላይ ቆማ ነው። ናይጄሪያውያኑ አጨበጨቡላት። አላፊ አግዳሚው ምን እንደ ተገኘ ለማየት ከበበን፤ የታክሲ ረዳቶችም ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን።

የመጨረሻው ማረፊያችን የአፍሪካ ኅብረት ነበር። ሕንጻው በጥር ወር 2004 ዓ.ም. የተመረቀ፣ የቻይና መንግሥት በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርቶ በስጦታ ያበረከተው፣ 99.9 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። ከፍታው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ኅብረቱን ለመመሥረት በሊቢያ ሲርት የተወሰነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 በ9ኛው ወር በ9ኛው ቀን ስለ ነበረ ነው። ወይዘሪቷ ይህን ተናግራ ትጨርሳለች ብለን ነበር። ዘወትር የምታበቃው እዚህ ላይ እንደ ሆነ በኋላ ነግራናለች። በዚህ ቀን ግን ዝም ብላ ቈየችና፣ «ከዚህ በፊት እዚህ ምን እንደ ነበረ ማንም አልጠየቀኝም» አለቻቸው። ቀጥላም ራሷ ነገረቻቸው፤ ሥፍራው ዓለም በቃኝ የሚባል ወኅኒ ቤት የነበረበት መሆኑን፣ በጣልያን ዘመን በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ስንቱ ሰው እንደ ታጐረበት፣ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ዘመን ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ያለ ፍርድ የረሸነው እዚህ መሆኑን፣ ወኅኒ ቤቱም ለዚህ ሕንጻ ሲባል መፍረሱን። ቍጥር አልጨመረችም። አስታማሚዋ ስሙ በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ወይዘሪቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ «ዓለምን ተሰናበትኋት እንደ ማለት ነው» ብላ ተወችው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሚኒባሱ ወደ ቦሌ አመራ። እንግዶቹ በአይሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሲወርዱ ብራዚላዊቷ የወይዘሪቷን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀቻት፤ ወይዘሪቷም በመምህርቷ ደብተር ላይ በአማርኛና በላቲን ፊደል ጻፈችላት፤ ናይጄሪያውያኑ ተማሪዎችም ተራ ይዘው በየስልካቸው አስገቡት። ነገ ጧት በ2 ሰዓት ከሌላ አይሮፕላን የሚወርዱ 12 ሰዎች ይጠብቋታል። ሰኞ ስለ ሆነ መርካቶ ክፍት ነው፤ ቢሆንም ልደታን በወረቀቷ ላይ አስገብታ፣ ሽማግሌውን ዳግመኛ ለማግኘት ከመንገዱ ማዶ ጠዋት ጠዋት ይቀመጡ እንደ ሆነ እንድናጣራላት ለምናናለች።